ልጄ የተጻፈችበት መስመር

ልጄ ዓሰብ ከወረደች ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ፣ ጃንሆይ ጎንደርን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ወሬውን ይዘው የመጡት ባለቤቴ ናቸው፤ ከቅዳሴ ተመልሰው ጥምጥማቸውን እንኳ አልፈቱም ነበር። እኔ ጎመን እቀነጥስ ነበር። ጎመኑን ትቼ ተነሣሁና «እንግዲያው አቤት እንበል» አልኋቸው።

ስለ ምን እንደምንል ሁለታችንም እናውቃለን። ልጃችን ነርስ ናት። መንግሥት ከቀይ ባሕር ዳር መድቧታል። እኛ የምንፈልገው ወደ ጎንደር እንድትዛወርልን ነው። ሌላ ለጃንሆይ የምንለው አልነበረንም።

አራት ወልጃለሁ። ሦስቱን በሕፃንነታቸው እግዚአብሔር ወሰዳቸው፤ ያቺ አንዲት ቀረችልኝ። ተመስገን እላለሁ፤ ምንም ላይቀርልኝ ይችል ነበር።

እኔ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ። ወደ ከተማ ያወረደኝ ጋብቻ ነው። ባለቤቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቤታችን ከደብሩ ሥር ነው፤ በዙሪያው የተማሪዎቹ የሣር ጎጆዎች ነበሩ። ተማሪዎቹ የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደ ተማሪዎቹ የኔታ እላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ዳዊትና ቅኔ ስሰማ እውል ነበር፤ ፊደል ግን አልለይም። ለምን እንዳላስተማሩኝ እሳቸውም አላሰቡት፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየጊዜው አንድ አዲስ ነገር ይመጣ ነበር። አንዴ ሐኪም ቤት ነው፣ አንዴ ፖስታ ቤት ነው፣ አንዴ አዲስ ሕግ ወጣ ይባላል። ሰው ግማሹ ደስ ይለዋል፣ ግማሹ ያጉረመርማል። አንድ እሑድ አንድ የመንግሥት ሰው ከዐውደ ምሕረቱ ቆሞ፣ ጃንሆይ ሴት ልጆችም ትምህርት ቤት ይግቡ ብለዋል አለ። ካህናቱ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

በማግስቱ የልጄን ፀጉር ሠራሁና፣ ይዣት ልወጣ ስል የኔታ ከበሩ ቆሙ።

«ዳዊት ከደገመች ሌላ ምን ቀራት?»

«ሒሳብ» አልኋቸው።

ሳቁ። የኔታ ከሳቁ ፈቀዱ ማለት ነው።

ያልሳቀው ኮሶዬ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለገበያ ወርዶ ከቤታችን ባደረ ቁጥር ያነሣብኛል።

«ምነው እታለም፣ ሴት ልጅ አስተምረሽ ጸሐፊ ትእዛዝ ልታደርጊያት ነው?»

«አይ አያ፣ ያንተን በጎች ትቆጥርልሃለች።»

«በጎቼን እኔው አውቃቸዋለሁ። በመልካቸው ነው የማውቃቸው።»

ልጄ አድጋ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ፣ ከዚህ ከጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ጃንሆይ ናቸው ያስከፈቱት። ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆች መጡ። እሷም ገባች። ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ቆብ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ከሰው ቤት ሰው ቤት መዞር ሆነ ሥራዋ፤ ቦርሳዋን አንግታ ነፍሰ ጡር ታያለች፣ ሕፃን ትመዝናለች፣ መጸዳጃ ቆፍሩ ትላለች። ለአባቷ ተማሪዎችም ቆፍሩ አለቻቸው። ቅኔ ቆጠሩባት፤ ቆፈሩም።

አንድ ጊዜ የወንድሜ ሚስት ምጥ ጠንቶባት ሁለት ቀን ቆየች። ወንድሜ እየሮጠ ወረደ፤ ከኮሶዬ ጎንደር ድረስ በእግሩ። ልጄ ከአስተማሪዋ ጋር በትምህርት ቤቱ ማኪና ሄደች። ሕፃኑ በእግሩ ነበር የመጣው። ሁለቱም ተረፉ። በወሩ ወንድሜ ገብስና ቅቤ ጭኖ መጣና፣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ

«እታለም፣ ይቺን ልጅ አስተምሪያት ብዬ ስወተውትሽ አልነበረም?» አለኝ።

«ነበር አያ።»

«እንዲያው አልሰማ ብለሽኝ እንጂ።»

«እውነትህን ነው አያ።»

በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን የሳቅሁ አይመስለኝም።

ትምህርቷን ስትጨርስ ምድቧ መጣ። ከጓደኞቿ አንዷ ጅማ፣ አንዷ ሐረር ደረሳቸው። የእሷ ዓሰብ ይላል። የት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። የኔታ ነገሩኝ፤ ከአሥመራም ወዲያ ነው፣ ከባሕሩ ዳር።

ባሕሩን በስም አውቀዋለሁ። ልጄ ገና ትንሽ ሳለች፣ ጃንሆይ ባሕራችንን አስመለሱ ተብሎ የደብሮች ደወል ሁሉ ተደውሏል። ሴቶች ከየቤታችን ወጥተን እልል ብለናል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ደስ ያለኝ ግን ከልቤ ነው። አገር ሲሰፋ እዚያ ሄዶ የሚሠራ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ያም ሰው የእናት ልጅ እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

የሄደችው በመስከረም ነው። የአሥመራው አውቶቡስ በኮሶዬ ስለሚያልፍ፣ እስከዚያ አብሬያት ልሂድ፣ ከወንድሜ ቤት ሰንብቼ እመለሳለሁ አልሁ። ወለቃ ላይ አውቶቡሱ ሰው ሊጭን ሲቆም ወርጄ ከመንገዱ ዳር አንድ ትንሽ ገንቦ ገዛሁላት፤ ዓሰብ ሐሩር ነው ብለውኝ ነበርና ውኃዋን እንዲያበርድላት።

«እማዬ፣ ሊማሊሞን ሳንወርድ ይሰበራል።»

«ከጭንሽ ያዢው።»

«ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቁ። ሲጠማሽ አይስቁም።»

ገንቦውን በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከወለቃ እስከ ኮሶዬ ብዙ አልተነጋገርንም። እኔም እሷም ወሬ አናበዛም። ኮሶዬ ስንደርስ ጉም ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ጉልበቴን ሳመችኝና «ውረጂ እማዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ወረድሁ። አውቶቡሱ ወዲያው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ድምፁ ግን እስከ ብዙ ጊዜ ይሰማኝ ነበር። የወንድሜ ሚስት ያንን በእግሩ የመጣውን ልጅ አዝላ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ደብዳቤ በወር ወይም በሁለት ወር ይመጣል። የኔታ ከደጅ ከመደቡ ላይ ይቀመጡና ያነቡልኛል። ዓሰብ ዛፍ የለም። ሴቶቹ የሚናገሩት በአፋርኛና በዓረብኛ ነው። ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ ገንቦው ደኅና ደርሷል። በምጥ የተያዘች ሴት ካለች በግመል ይመጡባታል፤ እሷም በግመል ትሄዳለች። ከእሷ ሌላ አዋላጅ የለም፤ እስከ ቀጣዩ ሐኪም ቤት የብዙ ቀን መንገድ ነው። ደብዳቤው ሲጨረስ ሁልጊዜ «እማዬ ናፍቀሽኛል፣ እንደ ዐይኔ ብሌን ናፍቀሽኛል» የሚል ነበረው። ያችን ስሰማ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ።

አንድ ጊዜ ስለ ጾም ጠየቀች። በሑዳዴ ከዓሣ በቀር የሚገኝ የለም፣ ባቄላውም ምስሩም ከሩቅ እስኪመጣ ይነቅዛል፣ ምን ላድርግ አለች። የኔታ መጽሐፍ አወጡ። ሌላም አወጡ። ለመልሱ ሦስት ወረቀት ሞሉ። አንብበው ሲጨርሱልኝ

«ትብላ ነው ያሉት ወይስ አትብላ?» አልኋቸው።

«አላስተዋልሽም? ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

«እንግዲያው ከላይ ይጻፉላት የኔታ፤ ጾሙ ሳይፈታ ትድረስበት።»

ትብላ ነበር ያሉት። እኔም በዚያ ዓመት ሑዳዴን ስግደቴን በእጥፍ አደረግሁት፤ ግማሹ የእሷ ነው ብዬ ነው። የበላችውን ለመካስ አይደለም። አብሬያት የምጾም እንዲመስለኝ ነው።

ጃንሆይ ሊመጡ ነው የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። በአገራችን ልማድ ንጉሥ ሲያልፍ የተቸገረ ሰው አቤቱታውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ከመንገድ ዳር ይቆማል። ወታደር ቢገፋውም አይሸሽም። ንጉሡ ካዩ ያስቆማሉ። በዚህ ስንት ሰው ርስቱን አስመልሷል፣ ስንቱ ልጁን ከእስር አስፈትቷል ይባላል። ሴት ሲሆን ልብ ይራራልና አቤቱታውን እኔ ልይዝ፣ የኔታ በብራና ሊጽፉ ተስማማን።

«በወረቀት አይሆንም?» አልሁ።

«ለንጉሥ?» አሉኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም።

ብራናውን ፋቁ፣ ቀለሙን በጠበጡ፤ ጥቁሩንም ቀዩንም። እኔ ፊደል ስለማልለይ ባጠገባቸው ባለፍሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

«የኔታ፣ ልጄ ዘንድ ደረሱ?»

«ገና ሰላምታው ላይ ነኝ።»

በማግስቱ ጠየቅሁ።

«ዛሬ ትምህርት ቤቶቹ ላይ ነኝ» አሉ።

ሌላ ቀን ሐኪም ቤቶቹ፣ ሌላ ቀን መንገዱና ድልድዩ፣ ሌላ ቀን ሕገ መንግሥቱ ሆነ። ባሕሩን ስለማስመለሳቸው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። የጻፉትን ሲያነቡልኝ ሸጋ ነበር፤ እውነት ነው። ሁሉም የተደረገ ነገር ነው፤ አንዱም ሐሰት የለበትም። የጃንሆይ ስም በመጣ ቁጥር በቀይ ቀለም ነው። ተማሪዎቹም ጉባኤያቸውን ትተው እየመጡ ያዩ ነበር።

በመጨረሻ «ዛሬ ልጅሽ ዘንድ ደረስሁ» አሉኝ።

«ምን ያህል ቦታ ቀርቷል?»

«አንድ መስመር። ትበቃለች።»

አነበቡልኝ። በምሥራቅ ባሕር ዳር ያለችውን የአገልጋይዎን ልጅ የቸርነትዎ ዐይን ትመልከታት ይላል።

«ጎንደር ትምጣልን አይልም።»

«ለንጉሥ እንዲህ አድርግ ተብሎ አይታዘዝም። ይገባቸዋል።»

እኔ ምን አውቃለሁ። እሳቸው መምህር ናቸው።

ቀኑ ደረሰ። ወደ ግንቡ ከሚያወጣው መንገድ ዳር ጠዋት ቆምሁ። ሰዉ ብዙ ነው። አቤቱታ የያዝነው ሴቶች ብቻ እንኳ ብዙ ነበርን። ከጎኔ ያለችው «የኔ እህት፣ ያ ብራና አይደል? የታቦት ደብዳቤ ነው የያዝሽው?» አለችኝ። ማኪናዋ ቀስ ብላ መጣች። አንድ ሹም ከኋላ እየተከተለ ወረቀቱን ሁሉ እየተቀበለ ከቦርሳ ይከታል። የኔ ብራና ከወረቀቶቹ መካከል ለየት ብሎ ታየ መሰለኝ፣ ማኪናዋ ፊቴ ቆመች። ጃንሆይ ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ትንሽ፣ ቀጭን እጅ ነበረች። ቃል አልተናገሩም። ዐይናቸው ፊቴ ላይ አረፈ። ከዚያ ማኪናዋ ሄደች፤ እኔም ከቆምሁበት መሬቱን ሳምሁ።

ነገሩ አለቀ አልሁ። ወደ ቤቴ ገብቼ የልጄን አልጋ አወጣሁ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ጌሾ ወቀጥሁ። ልጄ ልትመጣ ነው ብዬ ለጎረቤትም ለኮሶዬም ላክሁ። ባሕሩ ዳር ያለው አየር ቆዳዋን አጥቁሮት ይሆናል፣ ቅቤ ላዘጋጅላት ብዬ አነጠርሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የኔታን ጠሯቸው። እኔም ተከትዬ ሄድሁ፤ ከበሩ ጥግ ቆምሁ። አንድ የተከበሩ ሹም ተነሥተው «ጃንሆይ ድርሰትዎን እጅግ ወደውታል» አሏቸው። የኔታን የሐር ካባ አለበሷቸው። ለትምህርት ቤታቸው ቤት መሥሪያ ቆርቆሮ መፈቀዱን ነገሯቸው። የኔታ እስከ መሬት ጎንበስ አሉ። እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። ሹሙ ቆሜ ስቀር አይተው ዞር አሉና

«እመቤት፣ ሌላ ጉዳይ አለ?» አሉኝ።

የኔታን አየኋቸው። ካባውን ለብሰው እንደጎነበሱ ነበሩ።

«የለም ጌታዬ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አልሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የተሰጠው ሰው በሰጪው ፊት ሌላ ጨምሩልኝ ማለት ከእናቴ ቤት ጀምሮ ነውር ነው። ልጄን ካጣሁባቸው ነገሮች አንዱ ያ ነውር ነው።

መንገድ ላይ «ልጄስ የኔታ?» አልኋቸው።

የካባውን ጫፍ ዳሰሱ።

«ከመጨረሻው መስመር ላይ ነበረች» አሉ። «እስከዚያ ሳያነቡ ቀርተው ይሆናል። ወይም የምስጋናው መዝጊያ መስሏቸው ይሆናል።» ከዚያ ካባውን አውልቀው በክንዳቸው ያዙት። ቤት እስክንገባ አልለበሱትም።

አልተቆጣሁም። ምን ብዬ እቆጣለሁ፤ የሚያውቁትን ሁሉ ነው ያወጡት። ቆርቆሮው መጣ፣ ቤቱ ተሠራ። ተማሪዎቹ ከሣር ጎጆ ወጡ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የኔታም ጉባኤውን ያቋርጣሉ፤ ግን አያፈስስም። በየክረምቱ አመሰግናለሁ። ካባውን ለደብሩ ሰጡት።

የልጄን አልጋ መልሼ አስገባሁት።

ፊደል ለመማር የሄድሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ለእናቶች ከሰዓት በኋላ ክፍል ከፍቶ ነበር። የኔታ ሲሰሙ ደነገጡ። «እኔ እዚህ እያለሁ?» አሉ። «እርስዎ ሊቃውንት ነው የሚያስተምሩት» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር አጭር አጻጻፍ ፈልጌ ነው፤ ያን ከእሳቸው እንደማላገኝ ዐውቄ ነበር።

አስተማሪያችን በዕድሜዋ የልጄ እኩያ ናት። የመጀመሪያ ቀን ዳዊት ከፈተችልኝና «እስቲ ምን የሚያውቁት ፊደል አለ?» አለችኝ። የመጀመሪያውን ቃል ስትነግረኝ እስከ መጨረሻው ተወጣሁት። ከተማሪዎቹ ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ነው። ልጅቷ ተደነቀች፤ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ቀጥላ ስለ ዝንብ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠችኝ። አንዲት ፊደል አላወቅሁም። አብራን የምትማር አንዲት የፖሊስ ሚስት «ዝንቡን ዳዊት ውስጥ አላገኙትም እትዬ?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ከሀ ጀመርሁ።

ዓመት ሳይሞላ ማንበብ ቻልሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት የልጄን ደብዳቤዎች ነው። በሣጥን ነበሩ፤ አንድ በአንድ አነበብኋቸው። አጫጭር ነበሩ። የግመሉ ነገር አለ፣ የጨው ውኃው አለ፣ የዓሣው ጥያቄ አለ። «እማዬ ናፍቀሽኛል» የሚለው ግን የለም። ሌላም ከፈትሁ፤ የለም። «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ሁኑ» ብላ ነው የምትዘጋው። እንደ ዐይኔ ብሌን የሚለው የየኔታ ነው። በየጊዜው ከራሳቸው እየጨመሩ ያነቡልኝ ነበር።

ከሁሉም መካከል በአንዱ ብቻ፣ በሁለተኛው ዓመት በመጣው፣ ከታች በኩል «እማዬ ዛሬ በጣም ናፈቅሽኝ» ይላል። የተጻፈበትን ቀን አየሁ፤ ከሦስት ቀን በፊት እንዲህ ያለች ሴት ሞታብኛለች የሚል ከላይ አለ። የኔታ ያችን ሞት አላነበቡልኝም ነበር። እሳቸውን አልጠየቅሁም። ያን ደብዳቤ ብቻ ለይቼ ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ያን ሰሞን የራሴን አቤቱታ ጻፍሁ። ነርስ የሆነች አንዲት ልጄ ዓሰብ ናት፤ እኛ ሸምግለናልና ወደ ጎንደር ትዛወርልን። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል የለውም። ወረቀቱ ከሩብ በላይ አልተጻፈበትም። ለየኔታ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ሰላምታ የለውም» አሉ፤ ከዚያ ደግሞ «ይሁን፣ ይገባል» አሉ።

ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጠዋት ሄድሁ። ከግቢው ውጭ ከዛፉ ሥር ባለጉዳይ ተራውን ይጠብቃል፤ አቤቱታ ጸሐፊዎቹም እዚያው ናቸው፣ በየፊታቸው ሰልፍ አለ። ድንጋይ አግኝቼ ተቀመጥሁ። ከጎኔ በዕድሜ የምትመስለኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ የለበሰችው ከል ነው። ወረቀቱን በእጄ ስታይ ቆይታ

«እቴ፣ ፊደል ትለያለሽ?» አለችኝ።

«ጥቂት።»

«ጥቂት ይበቃኛል። እኔም የምለው ጥቂት ነው።»

ከሳንጃ ነው የመጣችው። በሰሊጥ ጫኝ ማኪና ላይ ተጭና መጥታ፣ ማኪናው ከቀትር በኋላ ስለሚመለስ የጸሐፊዎቹ ተራ አይደርሳትም። በክረምት ልጇ በምጥ ሞታባታለች። አራት ቀን ነው ያማጠችው። ታናሺቱ ደግሞ አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«እንዲያ ነጭ የሚለብሱት፣ ማዋለድ የተማሩት አሉ አይደል? አንዲት ይላኩልን ነው የምለው። ጃንሆይ ለሁሉ ልከዋል ይባላል። ሳንጃን ረስተዋት ይሆናል እንጂ መቼም አይጨክኑባትም።»

ከዚያ «አንቺስ ምን ልትይ መጣሽ?» አለችኝ።

«ልጄ ሩቅ አገር ናት፤ ወደዚህ እንዲመልሱልኝ።»

«ምን ልትሠራ ሄደች?»

አመነታሁ። «አዋላጅ ናት» አልሁ።

ዘወር ብላ አየችኝ። በክፉ አላየችኝም።

«ስትመጣ ታዲያ ለእነዚያ ማን ይቀራቸዋል?»

መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። መልስ ጠበቀች። ደብዳቤዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ማን እንደሚቀራቸው ተጽፏል፤ ማንም አይቀራቸውም።

ብዙ አልቆየሁም፤ ማኪናዋ ይሄድባታል። የእኔን መስመሮች በጥፍሬ አጥፌ ከላይ ቀደድኋቸው። ከጸሐፊዎቹ ብዕርና ቀለም ተውሼ በቀረው ላይ የእሷን ጻፍሁ። ሳንጃ አዋላጅ የለም፤ በክረምት አንዲት ልጄ በምጥ ሞታለች፤ ሌላዋ ሰባት ወሯ ነውና አዋላጅ ላኩልን። ጣቷን ከቀለሙ ነክራ ፈረመች። ተራው ሲደርስ አብረን ገብተን ሰጠን። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አንብቦ «ይታያል» አለ። ከበሩ ስንወጣ ትከሻዬን ስማኝ ወደ ማኪናዋ ሮጠች። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ ወረቀቱ ላይ እኔው ጽፌው ነበር፣ ግን በማግስቱ ጠፋኝ።

ቤት ስገባ የኔታ ከደጅ ይጠብቁኝ ነበር።

«ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ።»

«ምን አሉ?»

«የሰጠሁት የሌላ ሰው ነው» አልሁና ነገርኋቸው። የኔታ ብዙ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ከመደቡ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።

ለሳንጃ አዋላጅ ሄዶላት እንደሆነ አላወቅሁም። የሰሊጥ ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ፣ ሐኪም ቤት እየተሠራ ነው አለኝ፤ ሌላው ድንጋዩ ብቻ ነው ያለው አለ። የታናሺቱን ነገር ማንም አያውቅልኝም።

ልጄ አሁንም ዓሰብ ናት። በፋሲካ አንድ ጊዜ ፈቃድ አግኝታ መጥታለች፤ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። ከስታለች። ውኃ ስትጠጣ ቀስ ብላ ነው፣ እንደ መድኃኒት። የአቤቱታውን ነገር አልነገርኋትም። እንድትመለስ እንደምፈልግ ታውቃለች፤ እንደማልጠይቃትም ታውቃለች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ቦርሳዋን ስታሰናዳ፣ በዚህ ወር የሚወልዱ ሦስት ሴቶች አሉኝ አለችኝ።

ጃንሆይን አመሰግናለሁ። እሳቸው ባይሆኑ ኖሮ ልጄ ዳዊት ደግማ ከጎኔ በቀረች ነበር። ይህን ስል ምስጋና ይሁን ወቀሳ አንዳንዴ ለራሴም አይለይልኝም፤ እግዚአብሔር ይለየው።

እሑድ እሑድ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ስለ መንገደኞች ጸልዩ ይላል፤ በየብስ ስላሉ፣ በባሕርም ስላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የነጋዴዎች ጸሎት ነው እያልሁ ዝም ብዬ አሳልፈው ነበር። አሁን በባሕርም ስላሉ ሲል ዓምዱን እይዛለሁ። ዲያቆኑ ግን አይቆይም፤ ወዲያው ስለ ዝናም ጸልዩ ይላል፣ እኔም ከሰዉ ጋር ስለ ዝናም እጸልያለሁ።